ከቦርዱ የመጣው መርማሪ ፖሊስ ነው ወይስ አይደለም?

ስለ ነርስነት ፈቃድዎ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በካሊፎርኒያ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። አንደኛው ፈቃድዎን የሚቆጣጠረው የነርሶች ቦርድ ተራ መርማሪ ነው፤ ይጠይቃል፣ ይመዘግባል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ሥልጣኑም እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው ግን ሙሉ የፖሊስ ሥልጣን ያለው ነው፤ ሰው ማሰር ይችላል፣ ከዳኛ የብርበራ ትእዛዝ አውጥቶ ቤት መፈተሽ ይችላል፣ ያገኘውንም ለወንጀል ዐቃቤ ሕግ ያስረክባል። ሁለቱም ሲቪል ለብሰው ሊመጡ ይችላሉ። ሁለቱም በትሕትና ነው የሚናገሩት። ሁለቱም ራሳቸውን “ኢንቬስቲጌተር ነኝ” ብለው ያስተዋውቃሉ። ከፊትዎ የቆመው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ቃል መስጠት ሥራንም፣ ነፃነትንም፣ የመኖሪያ ፈቃድንም ሊያሳጣ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ከሎስ አንጀለስ እስከ ኦክላንድና ሳን ሆዜ በሆስፒታሎችና በአረጋውያን መንከባከቢያዎች ሌት ተቀን ለሚሠሩ ወገኖቼ ነው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ የምትሠሩ የየክፍለ ግዛታችሁ ደንብ የተለየ ስለሆነ እዚያው አጣሩ፤ የአያያዙ ነገር ግን በአብዛኛው ለእናንተም ይሠራል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የሐኪሙን፣ የነርሱን፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የፀጉር ሠሪውን ፈቃድ የሚቆጣጠሩት ቦርዶች በአንድ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ናቸው። መሥሪያ ቤቱ የራሱ የምርመራ ክፍል አለው። በዚህ ክፍል ውስጥ ያሉት ቃለ መሐላ የፈጸሙ መርማሪዎች በክፍለ ግዛቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 830.3 የፖሊስ ሥልጣን የተሰጣቸው ሲሆኑ፣ መሥሪያ ቤታቸው ከፈቀደ መሣሪያም ይታጠቃሉ። የሐኪሞቹ ቦርድ እንዲህ ዓይነት መርማሪዎች ለረጅም ጊዜ የራሱ ነበሩት፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2014 ጀምሮ ወደዚሁ ክፍል ተዛውረዋል። የሕንፃ ተቋራጮች ቦርድን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ቁጥሩን ሳይቀር ወስኗል፤ የፖሊስ ሥልጣን ሊይዙ የሚችሉት መርማሪዎች ከ12 አይበልጡም። የነርሶቹ ቦርድ ከበድ ያለውን ጉዳይ ለምርመራ ክፍሉ ይልካል፣ የቀረውን የፖሊስ ሥልጣን በሌላቸው በራሱ መርማሪዎች ያስመረምራል። ስለዚህ ስለ አንድ ዓይነት ቅሬታ አንዷን ነርስ ፖሊስ ሊያነጋግራት፣ ሌላዋን ደግሞ ተራ ሠራተኛ ሊያነጋግራት ይችላል።

የነርሶቹ ቦርድ ይህን ሥልጣን ለራሱ መርማሪዎች ሊያገኝ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 ፕሮፐብሊካ የተባለው የዜና ድርጅትና ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ባወጡት ምርመራ፣ ቦርዱ አንድን ቅሬታ መርምሮ እርምጃ እስኪወስድ በአማካይ ከ3 ዓመት በላይ እንደሚፈጅበት አጋለጡ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቅሬታ የቀረበባቸው ነርሶች ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ በሽተኛ ያክሙ ነበር። ዘገባው ከወጣ በቀናት ውስጥ አገረ ገዢው አርኖልድ ሽዋርዝኔገር አብዛኞቹን የቦርድ አባላት ተኩ። በ2011 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የቦርዱን ዕድሜ የሚያራዝምና የፖሊስ ሥልጣን ያላቸውን መርማሪዎች እንዲቀጥር የሚፈቅድ ሕግ አጸደቀ። አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን ግን አልፈረሙበትም። ያነሡት ምክንያት የነርሶች መብት አልነበረም፤ የፖሊስነት ማዕረጉ ይዞት የሚመጣው ከፍ ያለ የጡረታ ወጪ ነበር። ፊርማ በመከልከሉ የቦርዱ ሕጋዊ ዕድሜ ጃንዋሪ 1 ቀን 2012 አበቃ፤ በፌብሩዋሪ በወጣ ሌላ ሕግ እንደገና ተቋቋመ።

ሥልጣኑን የጠየቁት ሰዎች ክፉ አስበው አይመስለኝም። ከአንድ ሆስፒታል ሞርፊን ሰርቃ የተባረረች ነርስ በሳምንቱ ሌላ ቦታ ስትቀጠር፣ የሚጎዳው አልጋ ላይ ሆኖ ሕመሙ ያልታገሠለት በሽተኛ ነው። የፖሊስ ሥልጣን የሌለው መርማሪ የወንጀል መዝገብ ለማየትና ቤት ለመፈተሽ የሌላውን መሥሪያ ቤት ደጅ መጥናት አለበት፤ በዚያ መሐል ወራት ያልፋሉ። ይህን እረዳለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያው አንድ ሰው ዛሬ ስለ ሙያ አሠራር እንደሚጠይቅ የቦርድ ባልደረባ አነጋግሮዎት፣ ነገ በሰጡት ቃል የወንጀል ክስ ማስመሥረት መቻሉ። እርስዎ የሚያስቡት ስለ ፈቃድዎ ብቻ ነው። እሱ የሚይዘው ማስታወሻ ግን ለሁለቱም ይሆናል።

የቦርድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከምን እንደሚነሣ ቀረብ ብለን እንይ። የሐኪሙ ትእዛዝ 2 ሚሊግራም ሞርፊን ነው እንበል። የመድኃኒት ማውጫው ማሽን፣ ብዙዎቻችን ፒክሲስ የምንለው፣ የሚሰጠው ባለ 4 ሚሊግራም ብልቃጥ ነው። ነርሷ ስታወጣ ማሽኑ 02:10 ብሎ መዘገበ። ግማሹን ለበሽተኛው ሰጠች። የቀረው 2 ሚሊግራም በሌላ ነርስ ፊት መደፋት፣ ዌስት መደረግ አለበት። ምስክር የምትሆነው ባልደረባዋ ግን ልቡ የቆመ በሽተኛ ጋ ሮጣለች። ነርሷ “ትንሽ ቆይቼ” ብላ ቀሪውን ዩኒፎርሟ ኪስ ከተተችው። ከዚያ አንድ ሌላ ሰው ከአልጋ ወደቀ፣ አዲስ በሽተኛ ገባ፣ ሌሊቱ እንዲሁ አለቀ። 06:40 ላይ ኪሷን ስትዳስስ አገኘችው። ደነገጠች፤ ደፋችው። ከዚያ ለጓደኛዋ “እባክሽ ማሽኑ ላይ ጣትሽን አሳርፊልኝ” አለቻት፤ ጓደኛዋም ሲደፋ ሳታይ “አይቻለሁ” ብላ መሰከረችላት። ቻርቱ ላይ ደግሞ መድኃኒቱ የተሰጠው 02:50 ላይ ነው ይላል።

እዚህ ላይ የሰረቀ የለም። ነገር ግን የካሊፎርኒያ የሙያ ሕግ ቁጥር 2762 ቁጥጥር ስለሚደረግባቸው መድኃኒቶች በመዝገብ ላይ ሐሰት መጻፍን ብቻ ሳይሆን በጉልህ የተሳሳተና እርስ በርሱ የማይገጥም ምዝገባንም የዲሲፕሊን ጥፋት ያደርገዋል። ሦስቱ ሰዓቶች አይገጥሙም፤ ምስክሯም ያላየችውን መስክራለች። ጉዳዩን የያዘው ተራ የቦርድ መርማሪ ከሆነ ፊቱ ያለው የአሠራር ጉድለት ሊሆን ይችላል። የፖሊስ ሥልጣን ያለው መርማሪ ያንኑ ወረቀት ይዞ የሚጠይቀው ግን “ሞርፊኑ ለ4 ሰዓት ተኩል የት ነበር?” ብሎ ነው፤ ይህ የስርቆትና መዝገብ የማጭበርበር ጥያቄ ነው። ጓደኛዋም አብራ ትጠየቃለች። በእኛ ዘንድ ለሥራ ባልደረባ “እሺ” ማለት ደግነት ነው፤ እዚህ ግን ሳያዩ ጣት ማሳረፍ የራስን ፈቃድ አሳልፎ መስጠት ነው።

ስለዚህ መድኃኒት ኪስዎ ውስጥ አይክተቱ። ምስክር ከጠፋ ለቻርጅ ነርሷ ወዲያው ይንገሩ። ከዘገየ ደግሞ የዘገየበትን እውነተኛ ሰዓትና ምክንያት፣ ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑን ገልጸው ይመዝግቡ። ምርመራ መኖሩን ከሰሙ በኋላ ግን ቻርቱን አይንኩት። አንዲት ቃል ለማስተካከል እንኳ አይግቡ፤ ኮምፒዩተሩ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል፣ የሕክምና መዝገብን ለማታለል አስቦ መለወጥም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ለመከላከያ ይጠቅመኛል ብለው የበሽተኛ መዝገብ አትመው ወይም በስልክ ፎቶ አንሥተው ወደ ቤት አይውሰዱ፤ የበሽተኛን ምስጢር የማውጣት ሌላ ክስ ይጨመርብዎታል። የሚያስታውሱትን የበሽተኛ ስም ሳይጠቅሱ ለጠበቃዎ በሚል ርእስ ቤትዎ ይጻፉ።

ከቦርዱ በፊት ብዙውን ጊዜ የሚጠራዎት አሠሪው ነው። የሠራተኛ ማኅበር አባል ከሆኑ፣ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል ብለው በሚያምኑበት ስብሰባ ላይ ተወካይ እንዲገኝልዎ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ይህን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 አጽንቶታል። መብቱ ግን ካልጠየቁ አይሠራም። አፍ አውጥተው “ተወካዬ ይምጣ” ማለት አለብዎት። ኤች አር ጋ የጻፉት ወረቀትና የተናገሩት ቃል በኋላ ከቦርዱ ፋይል ውስጥ እንደሚገባም ይቁጠሩት።

አሁን መርማሪው ደወለ ወይም በር አንኳኳ እንበል። መጀመሪያ ትክክለኛ ሰው መሆኑን ያረጋግጡ። ራሱን የቦርድ፣ የምርመራ ክፍል ወይም የፌዴራል መርማሪ አድርጎ እየደወለ “ፈቃድሽ በመድኃኒት ዝውውር ምክንያት ሊታገድ ነው፣ ገንዘብ ካላስያዝሽ ትታሰሪያለሽ” የሚል አጭበርባሪ በዝቷል፤ ቦርዱ ራሱ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር የቦርዱን ሊመስል ይችላል። እውነተኛ መርማሪ በስልክ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ለማንም እንዳይናገሩ አያስፈራራም። ስሙንና መሥሪያ ቤቱን ይቀበሉ፣ ስልኩን ይዝጉ፣ ቁጥሩን ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ራስዎ አግኝተው ይደውሉ።

በአካል ከመጣ ቢዝነስ ካርዱን ይጠይቁ። ከዚያ ሁለት ጥያቄ፤ “የፖሊስ ሥልጣን አለዎት?” እና “ምርመራው የፈቃድ ብቻ ነው ወይስ የወንጀልም ጭምር?” ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልሱ ግልጽ ካልሆነልዎ የወንጀልም ነው ብለው ይያዙት።

በር ላይ የአስተዳደጋችን ነገር ይፈታተነናል። ቤታችን ድረስ የመጣን ሰው በር ላይ አቁሞ ማነጋገር ነውር ነው። “ይግቡ፣ ቡና ይፈላል” ማለት ይቀለናል። አያስገቡ። በፈቃድዎ ካስገቡት ትእዛዝ አያስፈልገውም፣ ጠረጴዛ ላይ ያለውንም ያያል፤ የእናትዎ ስም የተጻፈበት የሕመም ማስታገሻ ጠርሙስ ወይም ከሳምንት በፊት ኪስዎ ውስጥ ተረስቶ የቀረ መርፌ ጥያቄ ለመጀመር ይበቃል። ወደ ውጭ ወጥተው በሩን ከኋላዎ ዘግተው ያነጋግሩት። የብርበራ ትእዛዝ ይዤያለሁ ካለ ወረቀቱን ይጠይቁ፤ አድራሻውን፣ ቀኑን፣ የዳኛውን ፊርማ፣ ምን ለመፈለግ እንደተፈቀደ ያንብቡ። ትእዛዙ ካለ በፍጹም አይከላከሉት፣ በር ላይ አይቁሙበት። “በብርበራው አልስማማም፣ ግን አላግድዎትም” ይበሉ፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። የፖሊስ ሥልጣን ያለውን ሰው ሥራ ማደናቀፍ በካሊፎርኒያ እስከ 1 ዓመት እስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አማርኛ ለለመደ ጆሮ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ቀጭን ይመስላል፤ በሕጉ ግን ፈቃድ መንፈግና ማደናቀፍ ሩቅ ለሩቅ ናቸው።

ትእዛዝ ከሌለው ማለት ያለብዎት ይህን ነው፤ “መተባበር እፈልጋለሁ። ነገር ግን ከጠበቃ ጋር ሳልነጋገር ቃል አልሰጥም። ጠበቃዬ ይደውልልዎታል።” ከዚህ በላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አይጨምሩ። “እኔ እንኳ ያን ቀን ደክሞኝ ነበር” የምትለዋ ትንሽ ማብራሪያ ሪፖርቱ ውስጥ በጥቅስ ተቀምጣ ያገኟታል። መርማሪው መብትዎን እስኪያነብልዎም አይጠብቁ። በፊልም የምናየው የመብት ንባብ የሚያስፈልገው ሰው በቁጥጥር ሥር ሆኖ ሲመረመር ነው፤ ቤትዎ ደጃፍ ላይ ወይም በስልክ በፈቃድዎ ሲነጋገሩ የሚያነብልዎ የለም፣ የተናገሩት ሁሉ ግን ይጻፋል።

“ካልተናገርኩ አልተባበረችም ተብዬ እከሰሳለሁ” የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው፤ እዚህ ላይ ደንቡን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። የካሊፎርኒያ የነርሶች ቦርድ ደንብ ቁጥር 1441 ነርስ በራሷ ላይ በሚካሄድ ምርመራ አለመተባበርን የሙያ ጥፋት ያደርገዋል። ያው ደንብ ግን ወረድ ብሎ፣ ይህ ማለት በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ የተጠበቀውን በራስ ላይ ያለመመስከር መብት ወይም ሌላ ሕጋዊ መብት መተው ማለት እንዳልሆነ፣ መብቱን መጠቀምም በዲሲፕሊን ጉዳይ ላይ እንደ ጥፋት እንደማይቆጠር በግልጽ ይደነግጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1967 በአንድ የኒውዮርክ ጠበቃ ጉዳይ፣ ሰው በራሱ ላይ አልመሰክርም ስላለ ብቻ የሙያ ፈቃዱን መንጠቅ አይቻልም ብሏል። ስለዚህ መተባበር ማለት በጠበቃ በኩል መልስ መስጠት፣ የተጠየቀ ሰነድ በቀነ ገደቡ ማቅረብ፣ ደብዳቤ ሳይመልሱ አለመቅረት ነው። የስልክ መልእክቱን ችላ ብሎ መደበቅ ግን መብት መጠቀም አይደለም፤ ደንቡ የሚቀጣው እሱን ነው።

ብዙዎቻችን ዝም ማለትን የጥፋተኛ ሰው ምልክት አድርገን ነው ያደግነው። መንግሥት ሲጠይቅ ዝም የሚል የሚደብቀው ነገር አለ ይባላል። ነገር ግን የራሳችን አገር የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ ጽፏል። ይህ መብት ከባዕድ የተዋስነው አይደለም፤ ንጹሕ ሰውም ይገለገልበታል።

በውሸት ግን አይሞክሩት። ዝም ማለት ይፈቀዳል፣ መዋሸት አይፈቀድም። ቁጥጥር ስለሚደረግባቸው መድኃኒቶች ከሆነ የፌዴራል መርማሪ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ለፌዴራል መርማሪ አውቆ በጉዳዩ ዋና ነገር ላይ መዋሸት ብቻውን እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። ሰርቀው ባይሆን እንኳ በዋሹት ይታሰራሉ።

ዜግነት ያላገኙ ወገኖች ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቁጥጥር በሚደረግበት መድኃኒት ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ከዚያም አልፎ፣ ፍርድ ባይኖርም እንኳ፣ እንዲህ ያለ ወንጀል መፈጸሙን አምኖ የሰጠው ቃል ለለቅሶ ወይም ለሠርግ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ መግቢያው ላይ ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል። “እውነቱን ተናግሬ፣ ይቅርታ ጠይቄ ልገላገል” ብለው ስለ ራስዎ ሱስ ወይም ስለ ወሰዱት ክኒን ለመርማሪው ከመናዘዝዎ በፊት ሁለት ጠበቃ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ የፈቃድን፣ ሌላው የስደትን ሕግ የሚያውቅ። ለነፍስዎ ዕረፍት ከሆነ የንስሐ አባትዎ አሉ። በካሊፎርኒያ የማስረጃ ሕግ ሌላ ሰው በሌለበት ለካህን የተሰጠ የኑዛዜ ቃል የተጠበቀ ነው። በቴሌግራም ወይም በቫይበር ለጓደኛ የጻፉት ግን የተጠበቀ አይደለም፤ ስልክዎ በትእዛዝ ከተወሰደ ሁሉም ይነበባል።

እንግሊዝኛዎ ለሥራ የሚበቃ ቢሆንም ለምርመራ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ሌሊት ሙሉ በእንግሊዝኛ የምትሠራ ሰው በጭንቀት ጊዜ “የስ” እያለች ራሷን ስትነቀንቅ፣ “እየሰማሁዎት ነው” ማለቷ ይሁን “አዎ፣ አድርጌያለሁ” ማለቷ ሪፖርቱ ላይ አይለይም።

የፈቃድ ቁጥጥርና የፖሊስ ኃይል ሲደባለቁ ምን እንደሚመጣ ፍሎሪዳ ላይ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2010 የክፍለ ግዛቱ የፈቃድ ተቆጣጣሪዎች ኦርላንዶ ውስጥ የሚገኝ አንድ ፀጉር ቤት ገብተው ፈተሹ፤ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ግን የታጠቁ የሸሪፍ ፖሊሶች አብረዋቸው ነበሩ፣ ጭምብል ያደረጉም ነበሩባቸው። ደንበኞችን አስወጡ፣ ፀጉር ቆራጮቹን በካቴና አሰሩ፣ ከዚያ ፈቃዳቸውን ተመለከቱ። ፈቃዳቸው ሁሉ የተስተካከለ ነበር። የብርበራ ትእዛዝ አልነበራቸውም። በ2014 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ይህ የፈቃድ ቁጥጥር ሳይሆን የወንጀል ብርበራ ነው ብሎ ፖሊሶቹ ከክስ እንዳያመልጡ ወሰነ። ከዚህ የምንማረው፣ ተቆጣጣሪ የሥራ ቦታን የማየት ሰፊ ሥልጣን ቢኖረውም ያንን ሥልጣን ለፖሊስ ብርበራ መግቢያ ማድረግ እንደማይቻል ነው። የራሳችሁ የአረጋውያን መንከባከቢያ ወይም የፀጉር ቤት ያላችሁ ይህን ልብ በሉ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ፈቃዳችሁንና መዝገባችሁን አሳዩ፣ ፖሊስ አብሮት ከመጣ በምን ሥልጣን እንደገባ ጠይቁ፣ ስማቸውንና ሰዓቱን ጻፉ፣ በእጅ ግን አትከላከሉ።

ስለ ጠበቃ ገንዘብ ላንሣ። የወንጀል ክስ ከተመሠረተና አቅም ከሌለዎ መንግሥት ጠበቃ ያቆምልዎታል። በፈቃድ ጉዳይ ግን አያቆምም፤ ወጪው የእርስዎ ነው። እንዲያውም ከተሸነፉ፣ በሙያ ሕጉ ቁጥር 125.3 መሠረት ቦርዱ ለምርመራና ለክስ ያወጣውን ተገቢ ወጪ እርስዎ እንዲከፍሉ ሊጠይቅ ይችላል፤ የፖሊስ ሥልጣን ያለው መርማሪ የደከመበት ሰዓትም በዚሁ ይታሰባል። ብዙ ነርሶች በየዓመቱ በትንሽ ገንዘብ የሚገዙት የግል የሙያ ኢንሹራንስ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የፈቃድ መከላከያ የሚባል ሽፋን ስላለው የጠበቃውን ወጪ እስከተወሰነ መጠን ይችላል። “ሆስፒታሉ ኢንሹራንስ አለው” ብለው አይዘናጉ፤ የሆስፒታሉ ኢንሹራንስ የሚጠብቀው ሆስፒታሉን ነው፣ በቦርዱ ፊትም የሚቆሙት ብቻዎን ነው። ኢንሹራንሱ ግን ቅሬታው ከመምጣቱ በፊት መገዛት አለበት።

ምርመራው በክስ ካበቃ፣ ቦርዱን የሚወክለው የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የክስ ወረቀት ያዘጋጃል። ወረቀቱ ከደረሰ በኋላ የመከላከያ ማስታወቂያ ለማስገባት ያለዎት ጊዜ 15 ቀን ብቻ ነው። ይህን ቀን ያሳለፈ ሰው ሳይሰማ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ደብዳቤው የሚላከው ቦርዱ ጋ ወዳለው አድራሻ ስለሆነ፣ ቤት በቀየሩ በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቁ፤ አገር ቤት ለሁለት ወር ሲሄዱ ፖስታዎን የሚከፍትና ፎቶ አንሥቶ የሚልክልዎ ሰው ይወክሉ። ክሱ የሚሰማው በአስተዳደር ዳኛ ፊት ነው፣ ቦርዱም ጥፋቱን ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ማሳየት አለበት። ይህ ለወንጀል ከሚያስፈልገው ያነሰ፣ ለተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሚያስፈልገው የበለጠ ደረጃ ነው። በወንጀል ነፃ የወጣ ሰው በቦርዱ ሊቀጣ የሚችለውም ለዚህ ነው።

የነርሶቹ ቦርድ መርማሪዎች የፖሊስ ሥልጣን ጥያቄ እንደገና መነሣቱ አይቀርም፤ የቦርዱ ሕጋዊ ዕድሜ በየጥቂት ዓመቱ ሳክራሜንቶ ላይ ስለሚገመገም። በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ማንም ሰው ተነሥቶ መናገር ወይም ጽፎ መላክ ይችላል፣ በእኛ በኩል ግን የሚናገር ብዙም አይታይም። እኔ ብጠየቅ ሥልጣኑን በጅምላ አልቃወምም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መርማሪው ከመጀመሪያዋ ጥያቄ በፊት የፖሊስ ሥልጣን እንዳለውና ጉዳዩ ወደ ወንጀል ሊሄድ እንደሚችል በጽሑፍ፣ ነርሷ በምትረዳው ቋንቋ ይንገራት። ቃሏ ሙሉ በሙሉ ይቀዳ፣ ቅጂውም ይሰጣት። የምዝገባ ስሕተት ብቻ የሆነ ጉዳይ ደግሞ ፖሊስ ላልሆነው መርማሪ ይመደብ። ማኅበራችሁ ውስጥ የሕግ ኮሚቴ ካለ ይህን አንሡ፤ ከሌለ የምትሠሩበት ሆስፒታል የሠራተኛ ማኅበር ሳክራሜንቶ የሚመላለስ ሰው አለው፣ ስሙን ጠይቃችሁ ደውሉለት።